የልጆች ክርክር አይናቅ

በሕፃንነታችን ዘመን በደምበጫ የትምህርት ቤት መንገድ ላይ አንድ ታላቅ ጉዳይ ነበረን፤ ይኸውም «ቀጭኔዪቱ ፀሐይ በአዲሱ ክፍል ምን አደረገች?» የሚል ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በ2008ም የጃፓንን ዓለም አቀፍ የትምህርት ዝግጅት ሽልማት አግኝቷል።

ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ፥ ግማሾቻችን ከጎረቤት ደጃፍ ቆመን እናይ ነበር። ያላዩት ጓደኞቻችን በማግሥቱ ካዩት አፍ ይሰማሉ። ታዲያ ነጋሪው አንድ ነገር የዘለለ እንደ ሆነ ክርክር ይነሣል። ስለ እጅ መታጠብ ስንከራከር አንዱ «ሳሙና በሌለበት ቤትስ?» ብሎ ጠየቀ፤ አንዲቱም «እናቴ በአመድ ትታጠባለች» ስትል መለሰች። ይህን ጥያቄ መምህር አላቀረበልንም፤ ከክርክራችን የተወለደ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ለሊጥ እውነት ይሆናል፤ ለአሳብ ግን አይመስለንም።

ዛሬ ብዙ ሕፃናት በባዕድ ቋንቋ የሚናገሩ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን በስልክ ሲመለከቱ እናያለን። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን «ምን አለ?» ብለን ስንጠይቃቸው ዝም የሚሉ አሉ። ያልተረዱትን እንዴት ይተርካሉ? በምንስ ይከራከራሉ?

ስለዚህ የዝግጅት ባለሙያዎች በየቋንቋችን እንዲደክሙልን እንለምናለን። ወላጆችም ዝግጅቱ ሲያልቅ ልጆቻቸውን «እስቲ ንገሩን» ይበሏቸው፤ ሲከራከሩም «ዝም በሉ» አይበሏቸው። ያን ጊዜ ትምህርቱ ገና መጀመሩ ነውና።