ከስልክ ውስጥ ሙያ ይወጣል ወይ?

ሰሞኑን ከወላጆች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ ኮርስ እየተማርኩ ነው ይለኛል። እውነት ይሄ ነገር ሥራ ያስገኛል ወይስ የካርድ ገንዘብ ማባከኛ ነው?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንድ ስልክ ለስድስት ሰው በሆነበት ቤት፣ የካርዱም ገንዘብ ከሽንኩርትና ከዘይት ላይ ተቀንሶ በሚወጣበት ቤት «ትምህርት ጥሩ ነው፣ ተማሩ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ነገሩን ዘርዘር አድርገን እንነጋገርበት። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል፤ እዚህ የምንይዘው ወረቀት ሁሉ በሱ ስለሆነ።)

በመጀመሪያ፣ ከአስተማሪ ርቆ ሙያ መማር ለስደተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኡም ራኩባ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን በ2020 ኅዳር የጀመረ ይመስለናል እንጂ በ1980ዎቹም በረሃብና በጦርነት የተሰደዱ ወገኖቻችን የሰፈሩበት ቦታ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1984፣ ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጣ የርቀት ትምህርት ድርጅት «የሱዳን ኦፕን ለርኒንግ ዩኒት» የሚባል ተቋም አቋቋመ። ሥራውም ትምህርታቸውን አቋርጠው ለመጡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች በደብዳቤ ማስተማር ነበር። ኢንተርኔት የለ፣ ሞባይል የለ። የታተመ መማሪያ ይመጣል፣ ተማሪው በጎጆው ውስጥ ያነባል፣ መልመጃውን ይሠራል፣ ከዚያ በጥናት ጣቢያ ከአስጠኚ ጋር ይገናኛል። የተሰጡት ትምህርቶች ደግሞ ልብ በሉ፦ የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ክፍሎች፣ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ፣ የአነስተኛ ንግድ አያያዝ፣ የመምህራን ማገዣ። ማለትም ጤና ጣቢያ ለሚሠራው፣ ሱቅ ለከፈተው፣ ክፍል ገብቶ ለሚያስተምረው ሰው ነበር የተዘጋጁት።

እኛ እንደሚመስለን የዛሬውም ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ አለ። ትምህርቱ በጀመረው ሥራ ላይ ሲጨመር ሰውየውን ከፍ ያደርገዋል። ምንም በእጁ ለሌለው ሰው ግን ቪዲዮ ብቻውን ሙያ አይሆንለትም። ሙያ እኮ በእጅ ነው የሚገባው።

የሶላሩን ነገር እንውሰድ። በየሰፈራችን ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ ልጆች አሉ። አንዱን በቅርብ እናውቀዋለን። ሽቦ ማገናኘቱን ከሌላ አይቶ ነው የለመደው። ፓነሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ያያይዘው ነበርና ባትሪው ሳይቆይ ይሞትበታል። ሌላ ይገዛል፣ እሱም ይሞታል። «ባትሪው ቻይና ስለሆነ ነው» ይል ነበር፤ ቻይና ያልሆነ ከየት ሊያመጣ! በኋላ የአንድ የሶላር ኮርስ ቪዲዮዎች ከጓደኛው በሚሞሪ ካርድ ተገልብጠውለት አየ። እዚያ ነው በፓነሉና በባትሪው መካከል የቻርጅ መቆጣጠሪያ መግባት እንዳለበትና የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው እንደሚያጥር የተረዳው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን ሒሳቡ ነው። የ100 ዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ በአምስት ሰዓት ያህል ቢመታው 500 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ሽቦው የሚበሉትን ብንቀንስ 350 ያህል ይቀራል። አንድ የዛሬ ዘመን ስልክ ባዶውን መጥቶ እስኪሞላ 20 ዋት-ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ በቀን 17 ስልክ ነው። ሠላሳ ስልክ ተቀብሎ ሠላሳውንም በግማሽ ሞልቶ ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰውና 17 ተቀብሎ 17ቱን ሞልቶ የሚመልስ ሰው አንድ አይደሉም። ይህ ልጅ ዛሬ «ለክሊኒክ ፍሪጅ ስንት ፓነል ያስፈልጋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ያወጣል። ሽቦ ይዞ ከሚቆም ረዳትነት ወደ አስሊነት ተሸጋገረ ማለት ነው። ክፍያውም እንዲሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጤናው በኩል ነው። በ2023 መስከረም ገዳሪፍ ውስጥ ኮሌራ ታወጀ፤ በ2024 ነሐሴ ደግሞ በከሰላም በገዳሪፍም ተስፋፋ። በዚህ ጊዜ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ የነበረች አንዲት እናት ኮርስ አገኘች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ ነፃ ትምህርት የሚሰጥበት የኢንተርኔት ገጽ ነበረው፤ በ2024 መጨረሻ ላይ የድርጅቱ አካዳሚ ተክቶታል። እናትየዋ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ልጇ ማታ ማታ እያነበበ ይተረጉምላት ነበር። የክሎሪን ነገር እዚያ ነው የገባት። ውኃው ሦስት ዓይነት ነው፦ ለእጅ መታጠቢያ 0.05 በመቶ፣ ለወለልና ለዕቃ 0.2 በመቶ፣ ለትውከት፣ ለዓይነ ምድርና ለአስከሬን 2 በመቶ። ለአስከሬን የተበጠበጠውን በእጅ ላይ ያፈሰሰ ሰው ቆዳው ይላጣል፣ ለእጅ የተበጠበጠውን ትውከት ላይ ያፈሰሰ ደግሞ በሽታውን አልገደለም። እሷ ባልዲዎቹን በቀለም ለየች፣ ሌሎቹንም አሳየች። አሁን የጽዳት ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት። ሰርተፊኬቷን ከሥራው በኋላ ነው ያገኘችው፤ ማንም «ወረቀት አምጪ» አላላትም።

ነርሶቻችንና ጤና ረዳቶቻችን ደግሞ ከዚህም የበለጠ ይጠቀማሉ። ከተከዜ ማዶ የመጣውም፣ በመተማ በኩል የተሻገረውም ካላዛርን ያውቀዋል፤ ገዳሪፍም የካላዛር አገር ናት። ድሮ የተማሩት የሕክምና መመሪያ ግን ይለወጣል፣ መድኃኒቱም ይለወጣል። አምስት ዓመት ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ነርስ ዕውቀቱ እንዳያረጅበት የሚያደርገው በዚህ በኩል ያለው መንገድ ነው። የኛም የመምህራኑ ነገር እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ነፃ ነው» ሲባል ምኑ ነፃ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ አሊሰን ባሉት ገጾች መማሩ ነፃ ነው፤ ሰርተፊኬቱን ለማውጣት ግን ያስከፍላሉ። ፍሪ ኮድ ካምፕ የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማስተማሪያ ሰርተፊኬቱንም በነፃ ይሰጣል። በ2012 የተጀመረው ኮርሴራ በ2016 ለስደተኞች የሚሆን ፕሮግራም ከፍቶ በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ሰጥቷል፤ ስለዚህ በግል ከመክፈላችሁ በፊት በካምፑ የሚሠራ ድርጅት መግቢያ እንዳለው ጠይቁ። በ2009 የተመሠረተው «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል» የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ የፈተና ክፍያ ግን አለው፣ እሱም በስኮላርሺፕ ሊሸፈን ይችላል። አገር ቤት ደግሞ በ2024 ሐምሌ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለው ሥልጠና ተጀምሯል። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የዳታ ትንተና መሠረታዊውን በነፃ ያስተምራል። ዘመድ ደውሎ «ጨረስኩት» ያላችሁ እሱን ነው።

የካርዱ ወጪ ደግሞ በእጃችን ነው። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት ቢታይ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ጥራቱ ወደ ታችኛው ቢወርድ ከዚያ እጅግ ባነሰ ይታያል። መምህሩ ሲናገር ፊቱ ጥርት ብሎ ባይታይ ምን ይጎድልብናል? ጽሑፍ ያለው ኮርስ ሲገኝ ጽሑፉን ማውረድ ነው። አንድ ሰው አውርዶ ለአሥሩ በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ቢሰጥ ወጪው ለአሥር ተካፈለ ማለት ነው። ኮሊብሪ የሚባል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማስተማሪያም አለ፤ ትምህርቱ አንዴ በአንድ ርካሽ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ስልኮች ሁሉ ያለ ካርድ ከሱ ያነባሉ። ትምህርት ቤት ለሚረዱ ድርጅቶች «ይህን አምጡልን» ብለን ብንጠይቅ ደስ ይለናል፤ ከቲሸርት ይሻላል።

ኔትወርኩን አምኖ መቀመጥ እንደማይቻል በ2024 የካቲት አይተናል። ጦርነቱ ከተጀመረ ከአሥር ወር በኋላ ዜይን፣ ሱዳኒና ኤምቲኤን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው ጠፉ። ያወረደ ተማረ፣ ያላወረደ ጠበቀ።

ጊዜውስ? ይሄ ነው የቤተሰብ ጠብ የሚያስነሳው። ሰሊጥ ሲደርስ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ ወደ እርሻ ይወርዳል፤ ከዚያ ማሽላው ይከተላል። በዚያ ወቅት ልጅን «ኮርስህን ተማር» ብሎ ማስቀመጥ ለብዙ ቤት የማይሆን ነው፤ እኛም አንመክርም። ክረምቱ ግን ሌላ ነው። ጥቁሩ አፈር መንገዱን ይዘጋል፣ መኪና አይገባም፣ ሥራ የለም። ሰው ጎጆ ውስጥ ካርታ የሚጫወተው ያኔ ነው። በግንቦት አውርዶ በክረምት ማጥናት ጥሩ ነው፤ ፀሐዩ ስለሚደበቅ ባትሪውን መቆጠብ ይፈልጋል እንጂ።

ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ስልኩ የወንድሟ ነው፣ ውኃው የሷ ነው፣ ማገዶውም የሷ ነው። ከዚያ «ሴቶቹ ኮርስ አይጨርሱም» እንላለን። ስልኩን በቀን ለሁለት ሰዓት፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ለእሷ ብቻ የለቀቁ ቤቶች አሉ። እነዚያ ሴቶች ልጆች ይጨርሳሉ። ከሌላ አገር የመጣ ጥናት አያስፈልገውም፣ ጎረቤትን ማየት ይበቃል።

አሁን ደስ የማይለውን እንናገር። ኮርስ ስለጨረሱ ብቻ ሥራ የለም። ሱዳን ውስጥ ስደተኛ በሕግ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ከካምፕ ለመውጣትም የጉዞ ፈቃድ። በኢንተርኔት ለውጭ ሰው ሠርቶ ገንዘብ ማግኘትም ይባላል፤ ግን ገንዘቡ በምን በኩል ይምጣ? ፔይፓል ሱዳን ውስጥ አይሠራም፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም መታወቂያ ይጠየቃል። ይህን መንገድ የሚያስቡ ወጣቶች ገንዘብ የሚቀበሉበትን ሳያውቁ ሥራ አይጀምሩ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ማታለል አለ። «ይህን ኮርስ ክፈልና ካናዳ ትገባለህ» የሚሉ በየስልኩ እየደወሉ ነው። ካናዳ ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት ባለሙያ ስደተኞችን በሥራ የምትቀበልበትን መንገድ ሞክራ ነበር። ይጠየቅ የነበረው ግን የሥራ ልምድና ቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም የቀጣሪ ጥሪ ነው፤ የኮርስ ወረቀት ብቻውን ማንንም አላስገባም። ስደተኛ ባለሙያዎችን ከቀጣሪ ጋር የሚያገናኘው «ታለንት ቢዮንድ ባውንደሪስ» የሚባለው ድርጅትም ሥራውን በዮርዳኖስና በሊባኖስ ሲጀምር ባለሙያውን ያስመዘገበው በነፃ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ክፈል» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት።

ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለታችን ግን አይደለም። በ2020 ስንቱ መምህር፣ ስንቱ ነርስ ዲፕሎማውን ቤት ጥሎ ነው ሐምዳይትን የተሻገረው። ቱናይድባ ድንኳኑን ነፋስ የወሰደበትም አለ። የኢንተርኔት ሰርተፊኬት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ወይም አድራሻ አለው፤ ቀጣሪው ያንን አስገብቶ ያጣራል። አይቃጠልም፣ አይርስም። ስትጨርሱ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት፣ አንድ ቅጂ ለዘመድ ላኩ፣ የይለፍ ቃላችሁን በደብተር ጻፉ። ስምን ደግሞ በስደተኛ ካርዳችሁ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደሉ አንድም ሳይለወጥ አስገቡ። ካርዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ በሌላ ሆኖ «ይህ አንተ አይደለህም» የተባለ ሰው እናውቃለን።

ለመጀመር ለሚፈልግ ቤተሰብ የምንመክረው ይህ ነው፦ ልጁን «ምን መማር ትፈልጋለህ?» ከማለት በፊት «አሁን በእጅህ ምን ትሠራለህ?» በሉት። ፀጉር የሚያስተካክል፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ስልክ የሚጠግን፣ ታናናሾቹን የሚያስጠና ይሆናል። ሱቅ የሚጠብቀው የሒሳብ አያያዝ ይማር። ስልክ ጠጋኙ የኤሌክትሮኒክስ መሠረቱን፣ መልቲሜትር አነባበቡን ይማር። አንድ ኮርስ ይጨርስ፣ አምስት አይጀምር።

በሚቀጥለው እትም የአረብኛና የእንግሊዝኛ ቋንቋ በስልክ ስለ መማር እንጽፋለን። እስከዚያው የጀመራችሁትን ኮርስ ስም፣ ስንት ሜጋ ባይት እንደፈጀና ምን ላይ እንዳቆማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ በኩል አድርሱን፤ ያወረዳችሁትን ለሌላ ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆናችሁም ያንኑ ጻፉልን።