ካቴናውን የተቃጠለ ዘይት አታጠጡት

የሳይክላችን ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ... ሁሉም ከዚያ ነው የመጡት። ካቴናም እንደዚያው። (ካቴና ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ እጅ ላይ የሚገባው ከሆነ አንፈርድባችሁም፤ ዛሬ የምናወራው ግን እግር ሥር ስለሚዞረው ነው።) ቃሉን ከነዕቃው ተቀበልን፤ አያያዙን ግን የተማርነው ከመኪና ጋራዥ ነው። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ካቴና መንጫረር ሲጀምር እኛ አገር የሚደረገው ይታወቃል። ባለሳይክሉ ቅርቡ ወዳለ ጋራዥ ጎራ ይልና ከመኪና የተራገፈ የተቃጠለ ዘይት በሃይላንድ ያስቀዳል። ዋጋው ምስጋና ብቻ ነው። ከዚያ በላባ ወይም በእንጨት ጫፍ እያጠቀሰ ካቴናውን ከዳር እስከ ዳር ያጠጣዋል። ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ ይላል። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የጠገበ ካቴና! አቋማችንን ከወዲሁ እንናገርና እንገላገል፦ አቧራ መንገድ ላይ ከዚህ ነፃ ዘይት የበለጠ ውድ ዘይት የለም።

ካምባን ውሰዱ። ካምባ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ፣ ከቦንኬ ማዶ ያለ አገር ነው። ደጋም አለው፣ ቆላም አለው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም (ዩራፕ የሚባለው) በመላ አገሪቱ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር በጠጠር መንገድ ሲያገናኝ፣ ድሮ በእግር ብቻ ይኬድበት የነበረ ብዙ ቦታ ለጎማ ተከፈተ። ጥሩ ነው። የጠጠር መንገድ ግን በዝናብ ጭቃውን፣ በበጋ አቧራውን ይዞ ነው የሚመጣው። ከኅዳር ማለቂያ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ አንድ አይሱዙ አልፎ ሲሄድ ያያችሁ እንደሆነ፣ ከኋላው ያለው ባለሳይክል ለጥቂት ደቂቃ ከምድር ገጽ ይጠፋል። ሲመለስ ፊቱም፣ ጸጉሩም፣ ካቴናውም አንድ ዓይነት ቀለም ነው።

ፊት ይታጠባል። ካቴናው ግን ዘይት የተቀባ ስለሆነ የመጣለትን አቧራ ሁሉ ይይዛል። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብለን ውስጡን እንየው።

ካቴና አንድ ብረት አይደለም፤ ከመቶ በላይ መጋጠሚያ ያለው ሰንሰለት ነው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ መሃል ፒን አለ፤ በፒኑ ዙሪያ ደግሞ የሚሽከረከር ትንሽ ቀለበት። ፔዳል በመታን ቁጥር እነዚህ ሁሉ ይተጣጠፋሉ። ቅባት የሚያስፈልገው እዚያ ውስጥ፣ ፒኑና ቀለበቱ በሚፋተጉበት ጠባብ ቦታ ነው። ውጪው ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነገር ለማንም አይጠቅምም፤ አቧራ ከመጥራት በቀር ሥራ የለውም። አቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ብረት ይቧጭራል። ከዘይት ጋር ሲለወስ የሚሆነውን አናጺ ቢጠየቅ በአንድ ቃል ይነግራችኋል፦ የብርጭቆ ወረቀት። ልዩነቱ ይኼኛው ፈሳሽ መሆኑና ወደ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። የተቃጠለው ዘይት ላይ ደግሞ ከሞተሩ ተፍቆ የመጣ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ አስቀድሞ አለበት። ማለትም ገና መንገድ ሳንወጣ፣ በገዛ እጃችን ቆሻሻውን ጨምረንለታል። (ስለ እጅ ካነሣን፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት ቆዳ ላይ እንዳይቆይ፣ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የቆዳ ካንሰር ማስከተሉ እንደታየ፣ የሞተር ዘይት ጀሪካን ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ማን ያነባል?)

«ካቴናው ለጠጠ» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ብረቱ አይለጠጥም። ፒኖቹ እየተበሉ ይቀጥናሉ፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የምትፈጠረዋ ክፍተት ስትደመር ካቴናው ይረዝማል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትሮ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል ተነሥታችሁ 24 መጋጠሚያ ስትቆጥሩ አዲስ ካቴና ልክ 12 ኢንች ይመጣል። ከዚያ በኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ካለፈ፣ ካምቢዮ ላለው ሳይክል ካቴናው መቀየሪያው ደርሷል። አንድ ስምንተኛ ካለፈ ግን ጥርሶቹንም ይዞ ሄዷል ማለት ነው። የአገር ቤት ኪሳራ የሚመጣው በዚህ ነው። ካቴናውን በጊዜ የቀየረ አንድ ካቴና ይገዛል፤ ዝም ያለ ግን ካቴናውን፣ የኋላ ጥርሱን፣ የፊት ጥርሱን አንድ ላይ ይገዛል። አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ካሰራችሁ ደግሞ ዳገት ላይ ሲዘልባችሁ ሳምንት አይሞላም። ከሲቀላ ወደ ሴቻ እየወጣችሁ ፔዳሉ ድንገት ባዶ ሲሆን ጉልበታችሁ ማኑብሪዮውን እንዴት እንደሚመታ እናንተው ጨርሱት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ቤታችን ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ የምንፈልገው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ሻማ።

እየቀለድን አይደለም። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ፣ ኤምፖሪያ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ ላይ የሚነዳበት ውድድር አለ። እንዲህ ዓይነት ውድድር ላይ የሚሰለፉ ብዙ ጋላቢዎች ዛሬ ካቴናቸውን የሚነክሩት በቀለጠ ሰም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ አዳም ኬሪን የሚባል ሰው የካቴና ቅባቶችን በማሽን ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እያስኬደ፣ መሃል ላይ ሆን ብሎ አሸዋ እየጨመረ ሲፈትን ኖሯል፤ ካቴናን ከመበላት በማዳን ደጋግሞ ከፊት የሚወጣው ካቴናው ተነክሮ የሚወጣበት ሰም ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰም ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። የደረቀ ነገር አቧራ አይዝም። ውስጥ የገባው ውስጥ ይቀራል፣ ውጪ ያለው ተፈርፍሮ ይረግፋል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢ ፈገግ እንዳለ ይሰማናል። «ሰም ከሆነማ እኛን ማን ይችለናል?» እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ በማርም በሰምም ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ግን ቀስ። የንብ ሰም ብቻውን ለካቴና አይሆንም፤ ይጣበቃል፣ የሚጣበቅ ነገር ደግሞ አቧራ ይጠራል፣ ተመልሰን እዚያው ነን። የምንፈልገው ከነዳጅ የሚወጣውን ፓራፊን ነው፤ የሱቅ ሻማ በአብዛኛው እሱ ነው። ጧፉን ለቤተ ክርስቲያን ተዉት። የንብ ሰም ለማለስለሻ ጥቂት ጣል ቢደረግ ግድ የለም፣ ካልተደረገም አይጎድልም። ቅኔ አዋቂዎች ሰሙን ገፈው ወርቁን ይወስዳሉ፤ ሳይክል ላይ ግን የምንፈልገው ራሱን ሰሙን ነው።

አሠራሩ ይኸው። መጀመሪያ ካቴናውን አውልቁ። ካምቢዮ የሌለው ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ በፒንሳ የሚነሣ ትንሽ የመቆለፊያ ክሊፕ ታገኛላችሁ፤ ከሌለው ሠሪው ጋ ወስዳችሁ በመፍቻ ይፈታላችሁ። ከዚያ ማጠብ ነው፣ የሥራው ሁሉ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ካቴናውን ሃይላንድ ውስጥ ከተቱ፣ ነጭ ጋዝ ጨምሩበት፣ ክዳኑን ዝጉና እንደሚናጥ ወተት ናጡት። ጥቁሩን ወደ ሌላ ሃይላንድ ገልብጡ (ሲያድር ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ለሚቀጥለው መጠቀም ይቻላል፤ ቦይ ውስጥ አትድፉት)፣ እንደገና ጨምራችሁ ናጡ። የሚወጣው ጋዝ እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። በመጨረሻ በጥቂት ቤንዚን አለቅልቁትና አየር ላይ አድርቁት። ይህ ሁሉ ደጅ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው የሚሠራው። ሰም ዘይት ካለበት ብረት ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ ማጠቡን ያጭበረበረ ቀሪውን ባይጀምረው ይሻላል። አዲስ ካቴናም ከፋብሪካ ግራሶ ተቀብቶ ስለሚመጣ ከመታጠብ አያመልጥም።

ቀጥሎ፣ ሻማውን ክሩን አውጥታችሁ ጣሳ ውስጥ ጨምሩ፤ ግማሽ ኪሎ ያህል ሰም ከበቂ በላይ ነው፣ ለብዙ ጊዜም ያገለግላል። ጣሳውን በቀጥታ ከሰል ላይ እንዳታስቀምጡ። ሰም ከልክ በላይ ሲግል በእሳት ይያያዛል። (ከተያያዘ በክዳን አፍኑት እንጂ ውሃ አትድፉበት።) ውሃ ያለበት ድስት ጣዱና ጣሳውን ውስጡ አስቀምጡት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ፣ አርባ ምንጭ ላይ 96 ገደማ ስለሆነ፣ ሰሙ ለመቅለጥ ይበቃዋል፣ ለመቃጠል ግን አይደርስም። ካቴናውን በሽቦ አንጠልጥላችሁ ንከሩት፣ እሱም እስኪግል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታገሡ፣ እያነቃነቃችሁ። ከመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የሚወጣው አረፋ ሲያቆም ሰሙ ገብቷል ማለት ነው። አውጥታችሁ ስቀሉት። ሲቀዘቅዝ እንደ ዱላ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ አትደንግጡ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እጠፏቸውና ይፍታታል። ክሊፑን ስትመልሱ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ የተከፈተው ወደ ኋላ ይሁን።

በደረቅ መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ አቧራው ሲብስ ያጥራል። ሲያልቅበት ካቴናው ራሱ በድምፅ ይናገራል። የሁለተኛው ዙር ደግሞ ቀላል ነው፦ የፈላ ውሃ ታፈሱበታላችሁ፣ ታደርቁታላችሁ፣ ትነክሩታላችሁ። ጋዝም ቤንዚንም የለም።

ዝናብስ? እዚህ ላይ ሰም ይሸነፋል። ውሃ ከነካው በኋላ ካላደረቃችሁት በማግስቱ ዝገት ታያላችሁ። ጋሞ ደጋ ላይ ደግሞ ዝናብ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የእኛ ምክር የሰም ወራትና የዘይት ወራት ብሎ መክፈል ነው። በጋውን በሰም፣ ዝናቡን በልብስ ስፌት መኪና ዘይት። ይኸኛው ቀጭን ነው፣ በትንሽ ጠርሙስ የትም ይሸጣል። አጠቃቀሙም አንድ ጠብታ ለአንድ መጋጠሚያ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ ውጪውን በጨርቅ እስኪደርቅ መጥረግ ነው። መጥረጉን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። «የቀባሁትን መልሼ ልጠርግ?» አዎ፣ መልሰህ ጥረግ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ያለው ማነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። የቀን ሠራተኛ ለግማሽ ቀን ካቴና ሲቀቅል አይውልም። ለዚህ ነው ነገሩን የሳይክል ሠሪዎች ጉዳይ ልናደርገው የምንፈልገው። አንድ ሠሪ አንድ ጣሳ ሰም ቢኖረው፣ ሰው ካቴናውን ጠዋት ሰጥቶ ማታ ቢወስድ፣ ወይም ሁለት ካቴና ያለው እያፈራረቀ ቢያመጣ፣ የሠፈር ልጆችም እንደ ዕቁብ ተሰባስበው የሻማውን ቢያዋጡ ዋጋው ለእያንዳንዱ ኢምንት ነው። ዛሬ ሠሪው የሚከፈለው ዕቃ ሲሰበር ብቻ ነው። ሳይሰበር ለማቆየት የሚከፍለው ከሌለ ለምን ብሎ ያስተምረናል?

ከላይ ላሉትም አንድ ነገር አለን። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ስትሰለፍ የተወዳደረችባቸው ስፖርቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አትሌቲክስና ብስክሌት። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ላይ የሳይክል መስመር ተሠርቷል። መልካም። ግን ሳይክል ለአስተማሪ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለተማሪ ሲታደል ካሜራ ይጠራል፤ ከስድስት ወር በኋላ ሳይክሉ ካቴናው ተበልቶ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ካሜራው የለም። ያን ጊዜ አስተማሪው በእግሩ ነው። ከአንድ ሳይክል ጋር አንድ ትርፍ ካቴና፣ አንድ መፍቻና የአንድ ቀን ሥልጠና አብሮ ቢሰጥ፣ ከሚታደሉት መሃል ጥቂቱን ቀንሶም ቢሆን፣ ካምባን በመሰለ አገር የሚቆጠረው በሁለተኛው ዓመት የሚሽከረከረው ነው።

ከተማ ላላችሁት ደግሞ፣ አስፋልት ላይ ብቻ እንነዳለን ብላችሁ እንዳታልፉን። ግንባታው ባለበት ከተማ የሚቦነውን አቧራ የምታውቁት እናንተው ናችሁ። ሰም ያለበት ካቴና በጣት ሲነካ ጣት አያጠቁርም። የቀኝ እግር ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ መክተት ትተዋላችሁ።