ብረት በሻይ



ሱሉልታ ላይ የማለዳ ልምምድ ሲያበቃ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ አንዷ ሯጭ ከቦርሳዋ ብልቃጥ አውጥታ አንድ እንክብል በትኩስ ሻይ ስታወራርድ ታገኟት ይሆናል። እንክብሉ ብረት ነው፤ ሻዩ ደግሞ ከብረቱ ከፊሉን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ቡናም ያው ነው። ብዙ ብር የወጣበት ነገር እንዲህ በአንድ ብርጭቆ ይባክናል።

የዚህ እትም ርዕስ ማዕድናትና የሴት አትሌቶች የሰውነት ይዘት ነው። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ያህል ብረት እንድታገኝ ይመከራል፤ ለወንድ 8 ይበቃዋል። ልዩነቱን ያመጣው የወር አበባ ነው። ረጅም ሩጫና ከፍታ ሲታከሉበት ፍላጎቱ ይጨምራል።

የሚያሳስበን ግን «ትንሽ ክብደት ቀንሺ» የምትለዋ ትእዛዝ ናት። ሚዛኑ ስብ ይቅለል ጡንቻ አይለይም። ምግቧ ከልምምዷ ጋር ያልተመጣጠነ ሯጭ የወር አበባዋ ሊቀር፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል፤ ያኔ ካልሲየም ብቻውን አያድናትም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ የጉልበት እጥረት ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬም «ቀጥናለች፣ ደርሳለች» ይባላል።

በውስጥ ገጾች የብረት ክምችት ምርመራ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ እንክብሉ በምን ሰዓት እንደሚወሰድ፣ ያለ ምርመራ የተዋጠ ብረትም ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ታገኛላችሁ። ለአሰልጣኞች ያዘጋጀነው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ጊዜ አጣሁ እንዳይሉን።