ለቤትዎ፦ ለጭስ ማውጫው የትኛው ብሩሽ?

እዚህ አሜሪካ ከከተማ ወጣ ብለው አሮጌ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ብርዱ ሊገባ ሲል የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣው የእንጨት ምድጃ፣ የጭስ ማውጫው በምን ይጠረጋል? ወደ መሣሪያ መሸጫው ብቅ ያለ ሰው ክቡም አራት ማዕዘኑም፣ የሽቦውም የፕላስቲኩም ብሩሽ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ብዙዎች ርካሹን አንስተው ይወጣሉ።

የሚጠረገው አገር ቤት ከማድ ቤት ጣራ ላይ ተንጠልጥሎ የምናውቀው የጥቀርሻ ዘመድ ነው። እዚያ ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ጥቀርሻውም ዓይናችን እያየው ይጠቁራል። እዚህ ግን ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ይከማቻል። ፈረንጆቹ ክሪዮሶት ይሉታል፤ እርጥብ እንጨት ሲነድና እሳቱ አየር አጥቶ ሲጤስ ይብሳል። እሳት ከያዘው የቱቦው ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ሸክላውን ሰንጥቆ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን እንጨት ያቀጣጥላል። መውጫው ከተዘጋ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ልጆች ወደተኙበት ክፍል ይመለሳል።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦው ከምን እንደተሠራ እወቁ። ውስጡ ሸክላ ለሆነ የጡብ ጭስ ማውጫ ጠንካራ የብረት ሽቦ ይስማማዋል። ስቴንለስ ስቲል ከሆነ ግን ተራው ሽቦ ይቧጭረዋል፣ ጥሎት የሚሄደው የብረት ብናኝም ይዝጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የፕላስቲኩ ብሩሽ ይሻላል፤ የአምራቹ መመሪያ ካለም እሱን ማየት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። የምድጃ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 8 ኢንች ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ሸክላው ግን ያታልላል። 8 በ8 ተብሎ የሚጠራው በውጭ ልኩ ሲሆን ውስጡ ወደ 7 ኢንች ይጠጋል። ስሙን አምኖ የ8 ኢንች ሽቦ የገዛ ሰው ገፍቶ ገፍቶ መሐል መንገድ ላይ ይቀረቅረዋል። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ መሐል ላይ ልመልስህ ቢሉት በጄ አይልም፤ ሽቦዎቹ ወደ ኋላ ተለምጠው ስለሚሄዱ ጫፍ አሳልፎ ነው መሳብ። ያነሰ መጠን መግዛትም አያዋጣም፣ ማዕዘኑን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ከውስጥ ለኩ፣ ልኩንም ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የብሩሹና የዘንጉ ጥርስ መግጠሙን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ስትሠሩም ዘንጉን ወደ ግራ አታዙሩ። ተፈትቶ ብሩሹ እላይ ይቀርና ለጠራጊ ላለመክፈል የተጀመረው ሥራ ጠራጊ ያስጠራል።

ጥቀርሻው እንደ ሬንጅ ቀልጦ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ሆኖ ከተገኘ ብሩሹን አስቀምጡት። የትኛውም ሽቦ አይፍቀውም፣ በኃይል መታገልም ሸክላውን ይጎዳል። ለዚህ ባለሙያ ይጠራ። ደግሞም ኤን ኤፍ ፒ ኤ የተባለው የእሳት መከላከያ ማኅበር በቁጥር 211 ደንቡ ጭስ ማውጫ በየዓመቱ እንዲመረመር ይላል። ጠራጊዎቹ ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከወፈረ ሳይጠረግ አይነደድበት ይላሉ። ተከራይ የሆናችሁ፣ መጨረሻ የተጠረገው መቼ እንደሆነ እሳቱን ከመለኮሳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁት።