የትንሹ ሥራ ዓመታት

ደብተሯን በሥዕል የምትሞላ ልጅ በቤትዎ አለች? ወይስ እርስዎ ራስዎ «ከእንግዲህ ጊዜዬ አልፏል» ብለው እርሳሱን አስቀምጠዋል? እንግዲያውስ የአሜሪካዊቷን ሠዓሊ የጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝን የሥራ ጅማሬ አብረን እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄሲ በ1863 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደች። አስቀድማ የሠለጠነችው ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ነበር። ልጆችን ብትወድም ሥራው ለአካሏ ከበዳት። መሳል እንደምትችል ያወቀችው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። በ1884 በሴቶች የሥዕል ትምህርት ቤት ጀመረች፤ ቀጥሎም በፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበባት አካዳሚ እስከ 1888 ተማረች። በዚያው ዓመት «ሴንት ኒኮላስ» የተባለው የልጆች መጽሔት የመጀመሪያ ሥዕሏን አተመላት።

«በቃ፣ መንገዱ ተከፈተላት!» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። በ1889 የተቀጠረችው በ«ሌዲስ ሆም ጆርናል» መጽሔት የማስታወቂያ ክፍል ነበር። ያልተጠናቀቁ ንድፎችን ትጨርሳለች፣ የገጽ ጠርዝ ታስጌጣለች፣ የማስታወቂያ ሥዕል ታዘጋጃለች። ሰው ለስም ብሎ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ሆኖም ለሕትመት የሚሆን ሥዕል በቀጠሮው ቀን ማድረስ የሚለመደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

በ1894 ዕድሜዋ ሠላሳ አልፎ ነበር። «ተምሬ ጨርሻለሁ» ሳትል በድሬክሰል ተቋም የታዋቂው ሠዓሊ የሃዋርድ ፓይል ተማሪ ሆነች። ፓይል ተማሪዎቹን፣ የሚስሉት ታሪክ ውስጥ ገብተው እንደሚኖሩበት ሆነው እንዲስሉ ያስተምር ነበር። በ1897 ከሌላዋ ተማሪው ከቫዮሌት ኦክሌ ጋር ሥዕሎቹን የሠሩለት የሎንግፌሎ «ኢቫንጀሊን» ታተመ። ከመጀመሪያው የመጽሔት ሥዕል እስከዚህ መጽሐፍ ዘጠኝ ዓመት መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከዚያ በኋላ ስሟን ያስጠሩት ሥዕሎች የምንድን ናቸው? አብዛኞቹ የልጆችና የእናቶች ናቸው። በማስተማር የተለየቻቸው ልጆች በብሩሿ ተመለሱላት። ከ1917 መጨረሻ እስከ 1933 የ«ጉድ ሃውስኪፒንግ» መጽሔት ሽፋን በእርሷ ሥዕል ይወጣ ነበር።

እንግዲህ ነገ ልጅዎ የሠርግ ካርድ ጠርዝ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ እንድትስል ብትጠየቅ «ይህማ ምን ሥራ ነው?» አይበሏት። ሠርታ ስትመጣ አጠገቧ ይቀመጡና ምን እንደተማረችበት ይጠይቋት። እርስዎም ያስቀመጡትን እርሳስ ያንሱ።