ቀልድ ሁሉ ሐራም ነው ላላችሁን



«ኮሜዲ የሚያይ ወጣት ከመስጂድ ጠፋ ማለት ነው» የሚሉ ወንድሞች በዝተዋል። እኛ አንስማማም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሶሐቦቻቸው ጋር ይቀልዱ ነበር፤ በቀልዳቸው ውስጥ ግን ውሸት አልነበረም። የተከለከለው ሳቅ አይደለም። የተከለከለው ለማሳቅ ብሎ መዋሸት፣ በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 እንደተነገረንም በሰዎች ላይ መሳለቅ ነው።

«ሊትል ሞስክ ኦን ዘ ፕሬሪ» የተባለውን ተከታታይ ኮሜዲ እንይ። ካናዳዊቷ ሙስሊም ዘርቃ ናዋዝ የፈጠረችው ሲሆን ከ2007 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በካናዳው ሲቢሲ ታይቷል። በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ያሉ ሙስሊሞች የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው ይሰግዳሉ። ወጣቱ ኢማማቸው ገና ሳይደርስላቸው፣ አየር ማረፊያ ላይ በስልክ ያወራው ተሰምቶ በጥርጣሬ ይያዛል። እዚህ የሚሳቀው በኢማሙ ሳይሆን በተጠራጣሪዎቹ ነው። ጀመዓው በወንዶችና በሴቶች መስገጃ መካከል ስለሚቆመው መጋረጃ ሲከራከር ደግሞ የምንስቀው በራሳችን ነው።

የማንቀበለው ነገር የለበትም አንልም። ተራዊሕ የሚያስመልጥ ከሆነም ይቅር! ግን ስለ ሙስሊም የሚቀልደው ራሱ ሙስሊም ሲሆን ልዩነቱ ይታያል። እኛ «ሐራም» ብለን በሩን ስንዘጋ፣ ስለኛ የሚቀልደው የማያውቀን ሰው ይሆናል። ከዚያ «ተሰደብን» ብለን እንጮሃለን።

ልጆቻችንን «ያንን አትዩ» ካልን «ይህን እዩ» የምንለውም ሊኖረን ይገባል። በአማርኛ ኮሜዲ የሚጽፍ ሙስሊም ወጣት በጀመዓችን ካለ እናበርታው እንጂ አናሸማቀው።

ወላሁ አዕለም።