አነስተኛ የቮልቴጅ ጉድለትን በአነስተኛ ትራንስፎርመር ማስተካከል፤ ጥቅሙና ገደቡ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ተጠቃሚው ዘንድ የሚደርሰው በሰፈር ውስጥ በተዘረጋ የማከፋፈያ መስመር በመሆኑ፣ በዚህ የመጨረሻ ርቀት ላይ የሚፈጠር የቮልቴጅ መቀነስ የማመንጨት አቅምን በማሳደግ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንዳለው ዓይነት ሱቆች ተጠጋግተው በሚሠሩበት የገበያ ስፍራ ጉዳዩ ትኩረት ያሻዋል። በርካታ ደንበኞች በአንድ መስመር ሲጠቀሙ፣ ሽቦው በቀጠነና ከማከፋፈያ ትራንስፎርመሩ በራቀ መጠን ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል።

በአገሪቱ ለአነስተኛ ተጠቃሚ የሚቀርበው መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። ይህ ወደ 198 ሲወርድ ጉድለቱ 10 በመቶ ብቻ ቢመስልም፣ የማሞቂያ ኃይልም ሆነ የሞተር የማስነሻ ጉልበት ወደ 81 በመቶ ዝቅ ይላል። ጭነት ያለበት ሞተርም ተጨማሪ አምፔር ስለሚስብ ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ሙሉውን ጭነት የሚሸከም ስታቢላይዘር መግዛት ነው። ጉድለቱ አነስተኛና የማይለዋወጥ ከሆነ ግን ባክ-ቡስት የሚባለው ቮልቴጅ ጨማሪና ቀናሽ ትራንስፎርመር በአነስተኛ ወጪ ሊያስተካክለው ይችላል። የዚህ ትራንስፎርመር ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ስለሚገናኝ፣ ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው ሙሉውን ኃይል ሳይሆን ልዩነቱን ብቻ ነው። ለምሳሌ ከ220 ወደ 22 ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ለመጨመር በሚያስችል አኳኋን ቢገናኝ 198 ቮልቱን ወደ 218 ገደማ ያደርሰዋል። 10 ኪሎ ቮልት አምፔር ለሚፈልግ ጭነትም 1 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ያለው ይበቃል።

መሣሪያው ግን ገደብ አለው። የሚጨምረው በቋሚ ምጣኔ እንጂ እንደ ስታቢላይዘር መዋዠቁን እየተከተለ አይደለም። ምሽት ላይ ሱቆች ተዘግተው ጭነት ሲቀልና ቮልቴጁ ወደ 225 ሲመለስ፣ ከመሣሪያው የሚወጣው 247 ነጥብ 5 ይሆናል። ይህም ከመደበኛው በ12 ነጥብ 5 በመቶ ስለሚበልጥ ለዕቃዎች አደገኛ ነው። የችግሩ መንስኤ የላላ የኒውትራል ሽቦ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁ በአንዱ ፌዝ ሲወርድ በሌላው ስለሚያሻቅብ፣ ትራንስፎርመር መጨመር ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ግን የጎረቤት ጉዳይ ነው። የማሞቂያ ጭነት ያለው አንድ ደንበኛ ቮልቴጁን በዚህ መንገድ ከፍ ሲያደርግ ከመስመሩ የሚስበው አምፔር በ21 በመቶ ያድጋል። በመሆኑም የመስመሩ ቮልቴጅ ይበልጥ ይወርዳል፤ መሣሪያ መግዛት ያልቻለው ባለሱቅ የባሰ ጉድለት ይደርስበታል። ሁሉም በየፊናው ቢጨምር ደግሞ የተጨናነቀው መስመር የበለጠ ይጨናነቃል።

ከዚህ አኳያ ለመሥሪያ ቤታቸው ዕቃ የሚገዙ ኃላፊዎች ከግዥ በፊት ቮልቴጁ በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት ለተከታታይ ቀናት እንዲለካ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ልኬቱ ዘወትር ተቀራራቢ ከሆነ አነስተኛው ትራንስፎርመር ይበቃል፤ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ገጠማውም ተገቢው መከላከያ ፊውዝ ተደርጎለት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መከናወን አለበት።

ጉድለቱ በአንድ ሱቅ ወይም ቢሮ ሳይወሰን በመላው መስመር የሚታይ ሲሆን ግን መፍትሔው የደንበኛው ሊሆን አይችልም። ጭነትን በሦስቱ ፌዞች ማመጣጠን፣ የማከፋፈያ ትራንስፎርመሩን የቮልቴጅ ማስተካከያ መፈተሽ፣ ሽቦን በወፍራም መተካትና ተጨማሪ ትራንስፎርመር ጭነቱ ወዳለበት አቅርቦ መትከል የአገልግሎት ሰጪው ተቋም ድርሻ ነው። ደንበኞች በጋራ የያዙት የልኬት መረጃም ለተቋሙ የሚቀርበውን አቤቱታ በማስረጃ የተደገፈ ያደርገዋል።